የውርርድ ማስታወቂያ ከአየርም ከአደባባይም ይነሣ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ውርርድ ዙሪያ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው የቤቲንግ ቤቶች ይዘጉ ወይስ አይዘጉ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በዚህ ደብዳቤ ላነሣው የምፈልገው ግን ከዚያ የሚቀድመውንና በቂ ትኩረት ያላገኘውን የማስታወቂያውን ጉዳይ ነው። አቋሜን ከመነሻው ለመግለጽ፣ የውርርድ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከመንገድ ዳር ሰሌዳ፣ ከአገር ውስጥ ክለቦች ማሊያና ከታዋቂ ሰዎች አንደበት በሕግ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ነገሩ የሥርጭት ሰዓትን በመገደብ ወይም በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚል ሐረግ በጥድፊያ በማስነበብ የሚስተካከል አይመስለኝም።

በደብረ ማርቆስ ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ከማስተምራቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከስናን የገጠር ቀበሌዎች የመጡ፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩና ከቤተሰብ በሚላክላቸው ስንቅ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ቀድሞ የቤት ኪራዩን ብር አባት ራሱ ለገበያ ሲመጣ፣ ጤፉን ሸጦ፣ ለአከራይዋ በእጁ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ቴሌብርና የባንክ አገልግሎቱ ስልክ ውስጥ በመግባታቸው ብሩ በቀጥታ በልጁ ስልክ ይደርሳል፤ ይህም ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ የኪራዩ ብር የሚቀመጥበት፣ የውርርዱ ማስታወቂያ የሚታይበትና ትኬቱ የሚቆረጥበት መሣሪያ አንድና ያው መሆኑ ነው። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማስታወቂያውን ባየበት ቅጽበት፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣና ማንም ሳያየው፣ የወር ኪራዩን ሊያስይዝ ይችላል። በሌላ ሰው ስም የተከፈተ አካውንት ማግኘት ለተማሪዎቻችን አስቸጋሪ አለመሆኑን ከእነርሱው አንደበት ሰምቻለሁ።

ማስታወቂያው ምን እንደሚደብቅ ለማሳየት የአሠራሩን ሒሳብ በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድሉ እኩል በሆነ ጨዋታ ላይ አወራራጁ ትርፍ ባይፈልግ ኖሮ ኦዱ፣ ማለትም ያስያዙት ብር ሲያሸንፉ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2.00 ይሆን ነበር፤ 100 ብር ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ 200 ብር ይቀበላል ማለት ነው። በተግባር የሚሰጠው ኦድ ግን ከዚያ ያንሳል፤ 1.90 ነው እንበል። አንዱ በአንዱ ወገን፣ ሌላው በሌላው ወገን 100 ብር ቢያስይዙ፣ ድርጅቱ 200 ብር ሰብስቦ ለአሸናፊው 190 ይከፍላል፤ ከእያንዳንዱ 100 ብር 5 ብር ለራሱ ያስቀራል። ይህ ብቻውን ሲታይ አነስተኛ ነው። ወጣቶቻችን ግን ነጠላ ጨዋታ አይቆርጡም፤ አሥርና ከዚያም በላይ ጨዋታ በአንድ ትኬት ላይ ይደረድራሉ፤ ማስታወቂያውም የሚገፋፋው ወደዚሁ ነው። 1.90 አሥር ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 613 ያህል ስለሚሆን «በ10 ብር 6,131 ብር» ብሎ በደማቁ ለመጻፍ ያመቻል። እኩል ዕድል ያላቸው አሥር ጨዋታዎች ሁሉም የመግባት ዕድላቸው ግን ከ1,024 አንድ ነው፤ በመሆኑም ለዚያ ዕድል የሚመጥነው ክፍያ 10,240 ብር መሆን ነበረበት። በነጠላ ጨዋታ 5 ከመቶ የነበረው የድርጅቱ ድርሻ አሥሩ ሲደራረቡ ወደ 40 ከመቶ ያድጋል፤ በእንዲህ ያሉ ትኬቶች ከተያዘው ከእያንዳንዱ 100 ብር፣ ነገሩ ሲደጋገም፣ ወደ ተወራራጆች የሚመለሰው በአማካይ 60 ብር ገደማ ብቻ ነው። 6,131 የሚለውን ቁጥር በየሰሌዳው አይቻለሁ ለማለት ይቻላል፤ ከ1,024 አንድ የሚለውን የጻፈ ማስታወቂያ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከዚሁ ሒሳብ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጣቱን እንደገና እንዲሞክር ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛልና። ከእነዚያ 1,024 ትኬቶች መካከል በአማካይ አንዱ ሲያሸንፍ፣ ዘጠኙ ገብተውለት በአንዷ ጨዋታ የሚወድቀው አሥር ነው። የደብተሩን የመጨረሻ ገጾች በኦድ ሞልቶት ያገኘሁት አንድ ተማሪዬ፣ የቡድኖቹን ስም በግራ፣ ቁጥሮቹን በቀኝ አስተካክሎ፣ ከሥር ማባዣውን እስከ ሦስተኛው አሃዝ ድረስ በትክክል ሠርቶት ነበር። ስለ ነገሩ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ዘጠኙ ገብቶልኝ አንዱ ነው ያበላሸብኝ» አለኝ። ልጁ ሒሳብ አይችልም ለማለት አልችልም፤ ማባዛቱን አሳምሮ ያውቃል። የተረዳው ግን ለድሉ እንደቀረበ ነው። በአንድ ጨዋታ መውደቅ ከማሸነፍ አሥር እጥፍ የሚያጋጥም ተራ ሽንፈት መሆኑን የነገረው የለም፤ ማስታወቂያው በበኩሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ የጎደለችው አንዷ እንደምትገባ ቃል ይገባለታል።

ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ እንዳይወራረድ የተከለከለ ነው፤ በቤቲንግ ቤቶች በርም ላይ ይኸው ይጻፋል። የማስታወቂያው አየር ግን በር የለውም። ልጅ የሚመለከተው የእግር ኳስ ጨዋታ ማስታወቂያው የሚተላለፍበት ጨዋታ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ከፍተኛው የእግር ኳስ ሊግ ራሱ የአንድ የውርርድ ድርጅት ስም ተሰጥቶት «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተብሎ መጠራት እንደጀመረ የሚታወስ ነው። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር የሊጉን ጨዋታዎች ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የጣና ሞገዶች የሚባለውን ባሕር ዳር ከተማን የሚደግፍ የጎጃም ልጅ የሚወደውን ክለብ ውጤት በተናገረ ቁጥር የአወራራጁን ስም አብሮ መጥራት ነበረበት። አንድን ተግባር ለልጆች ከልክሎ ስሙን የልጆች መዝናኛ መጠሪያ ማድረግ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው፤ ይህን ሲፈቅዱ የነበሩ አካላትም ሊጠየቁበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

አገራችን እንዲህ ያለ ክልከላ ለመደንገግ አዲስ አይደለችም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ያን ጊዜም ጣቢያዎች ይዘጋሉ፣ ጋዜጠኞች ሥራ ያጣሉ የሚል ሥጋት በስፋት ይነሣ ነበር፤ ቢራ ዛሬም ይሸጣል፣ ጣቢያዎችም ዛሬ ያሰራጫሉ። ክልከላው ማንንም ከመጠጣት አላገደም፤ ያደረገው መጠጥ የደስታና የስኬት መገለጫ ሆኖ በየሳሎኑ እንዳይሰበክ ብቻ ነው። ለውርርድም የምጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። አዋቂ ሰው በገዛ ገንዘቡ መወራረድ ከፈለገ ፈቃድ ያለው ቤት አለለት፤ ፈልጎ ይሄዳል፤ ፈልጎት የማያውቀውን ልጅ ግን ድርጅቱ እየፈለገ አይምጣበት። ቤቶቹን ብቻ መዝጋት ብዙ እንደማይፈይድም ይታየኛል። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የውርርድ ቤቶች እንዲታሸጉ ሲደረግ፣ በስልክ የሚካሄደው ውርርድ በበር ማሸጊያ የሚቆም አልነበረም።

«ከማገድ ማስተማር ይሻላል» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ብዙዎቹም ቅን አሳቢዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም። ማስተማር የእኔ ሥራ ነውና ልመልስላቸው። የፕሮባቢሊቲን ምዕራፍ የማስተምረው በዓመት በጥቂት ክፍለ ጊዜያት፣ ከስልሳ በላይ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል፣ በጠመኔ ነው። ማስታወቂያው ከጨዋታ በፊት፣ በዕረፍት ሰዓትና ከጨዋታ በኋላ፣ ልጆቹ በሚያደንቁት ተዋናይ ወይም የቀድሞ ተጫዋች ድምፅ፣ ዓመቱን ሙሉ ይደገማል። ትምህርቱ ያስፈልጋል፤ ይቀጥላልም፤ ሁለቱን እንደ ተመጣጣኝ ኃይሎች ቆጥሮ ልጁን መካከል ላይ መተው ግን ፍትሕ አይሆንም። ክለቦች ድጋፍ ያጣሉ ለሚለው ክርክር ደግሞ፣ የድጋፉ ገንዘብ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይበቃል፤ ከእነዚያው ደጋፊዎች ኪስ ነው የወጣው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ መሄድ ጀምረዋል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የቁማር ማስታወቂያን ከጥር 2019 ጀምሮ አግዳለች። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በራሳቸው ስምምነት የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከማሊያ ደረት ላይ ለማንሣት ወስነዋል፤ ውሳኔው የሚጸናው በ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የሚሸጡትን የክለብ ማሊያዎች የሚለብሱ ሕፃናት በደረታቸው ምን እንደተሸከሙ ላየ ሰው ይህ ለእኛም ትርጉም አለው። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 መጨረሻ ሁሉንም የቁማር ማስታወቂያዎች ለ30 ቀናት አግዳ ነበር። ከጣሊያን ልንማረው የሚገባ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከእገዳው በኋላ አንዳንድ ድርጅቶች የስፖርት ዜናና ውጤት የሚያቀርብ ገጽ ከፍተው፣ ያንኑ የውርርድ ስምና አርማ በዜና ሽፋን ወደ ማሊያ መልሰውታል። ስለዚህ የእኛ ሕግ ሲረቀቅ ክልከላው የውርርድ ድርጅትን ስም፣ ቀለምና አርማ የሚያስታውስ ማንኛውንም ነገር፣ የበጎ አድራጎት ስጦታንና «የውጤት ትንበያ» የሚሉ ዝግጅቶችን ጭምር የሚሸፍን ሊሆን ይገባል።

የብሔራዊ ሎተሪን ጉዳይ ሳልጠቅስ ባልፍ ሚዛናዊ አልሆንም። ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ራሱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሎተሪ ሻጭ ነው። ዕጣው በተወሰነ ቀን የሚወጣ ሎተሪና በየደቂቃው ሊቆረጥ የሚችል ውርርድ እኩል ጉዳት ያደርሳሉ አልልም። ሆኖም ሻጭ የሆነ ተቋም የሌሎችን ማስታወቂያ በጥብቅ ይቆጣጠራል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የማስታወቂያው ሥልጣን ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቢሰጥ ይመረጣል። የመንግሥት ሎተሪም ቢሆን በማስታወቂያው ላይ ከዕጣው መጠን እኩል በሆነ ፊደል የማሸነፍ ዕድሉን እንዲጽፍ ሊገደድ ይገባል።

ጥያቄዬ በዋናነት የሚቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለባለሥልጣኑ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ እስኪወጣ ድረስ እያንዳንዱ መገናኛ ብዙኃን በራሱ ውሳኔ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ የውርርድ ድርጅቶችን ማስታወቂያ ይቀበል እንደሆነና፣ የሚቀበል ከሆነ ወደፊት ለመተው ፈቃደኛ መሆኑን ለአንባቢዎቹ በዚሁ ገጽ እንዲገልጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር
ከደብረ ማርቆስ