የጣና ነጭ ዓሣ ናይል ፐርች አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የሚሸጥ ዓሣ ዝርያው ምን እንደሆነ ስለሚለየው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አሜሪካ የጻፋችሁት ጥሩ ነው። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት እዚያው አሜሪካ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከመረመራቸው ከ1,200 በላይ ናሙናዎች ሲሶው በሌላ ዓሣ ስም የተሸጠ ነበር። እኔን ያበሸቀኝ ወደ መጨረሻው ያለችው አንዲት መስመር ናት። ነጭ ዓሣ ማለት ናይል ፐርች ነው፣ ባሕር ዳር ግን በዚህ ስም ሌላ ዓሣ ይሸጣል ትላለች። አጭበርባሪዎች አላችሁን እኮ!

የማንን ስም ሰረቅን? ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። ከታች ከዓባይ ሽቅብ እንዳይወጣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዘግቶበታል። የአርባ ምንጭ ሰዎች የጫሞ ሐይቁን ናይል ፐርች ነጭ ዓሣ ይሉታል፣ ይበሉት። እኛም ያንን ቅርፊቱ ትልልቅ፣ አፉ ላይ ጢም ያለውን ዓሣ ነጭ ዓሣ እያልን ነው ያደግነው። ተመራማሪዎቹ ላቤኦባርበስ ይሉታል፤ 15 ያህሉ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር የትም የሉም።

ለእኔ ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አምና ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛ ከእኔ ገዝቶ ሄደና በነጋታው ተመለሰ። "ነጭ ዓሣ ብለሽ ምንድን ነው የሸጥሽልኝ? ልጄን አጥንት ሊያንቀው ነበር!" ብሎ በሰው መሃል ጮኸብኝ። የኛ ነጭ ዓሣ ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ አጥንት አለው፤ ለዚህ ነው ከመጥበሳችን በፊት ጎኑን በቢላ ጠጋ ጠጋ አድርገን የምንበጣው። ብነግረው አልሰማኝም። ብሩን መለስኩለት። ያ ሰውዬ አሁን ዘገባችሁን ቢያነብ ምን ይላል?

ምርመራውን አልጠላሁም፣ እንዲያውም ይምጣልን። ቆዳው ተገፎ ከተቆራረጠ በኋላ አምባዛን ቅርፊት ካለው ከቆሮሶ የሚለይ ደንበኛ ጥቂት ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው በእምነቱ የማይበላው ስንት ሰው አለ፤ እሱን ቆሮሶ ነው ብሎ ማብላት ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው። ይህን ዲ ኤን ኤ ቁልጭ አድርጎ ይለየዋል። ግን ላቦራቶሪው የሚነግራችሁ ዝርያውን እንጂ የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው አይደለም። ስሙን ለማወቅ ዘጋቢያችሁ ጠዋት ዓሣ ከሚራገፍበት መጥቶ አንዷን ሻጭ "ይሄ ምን ይባላል?" ቢል ይበቃው ነበር።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ አውጡልን። "ሌላ ዓሣ" ያላችሁትን "የጣና ነጭ ዓሣ" በሉት።

ዓሣ ሻጭ ነኝ፣ ከባሕር ዳር