የክበባት ዘገባ፦ ጓንት ያጠለቀው ልጅ ደብረ ማርቆስ ሲገባ

የቴአትርና ሥነ ጽሑፍ ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን የጀመረው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በማየት ነው። «ቴአትር ልትሠሩ ነው ወይስ ፊልም ልታዩ?» ያሉን መምህራን አልጠፉም። ይበሉ።

ያየነው «ያንግ ሼልደን»ን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2024 በአሜሪካው ሲቢኤስ የታየ፣ 7 ሲዝን ያለው ሥራ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ክፍል ዘልሎ ከታላቅ ወንድሙ እኩል 9ኛ ክፍል ይገባል። አባቱ እዚያው ትምህርት ቤት የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ ነው። እናቱ አጥባቂ ክርስቲያን ናት። መንትያ እህቱ ሚሲ ታችኛ ክፍል ቀርታለች።

የክበባችንን ልጆች ከሁሉ ያስገረማቸው የጓንቱ ነገር ነው። ቤተሰቡ ማዕድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጸልይ ሼልደን ጀርም ፈርቶ ጓንት ያጠልቃል። «እኛ ቤት ቢሆን ጉርሻውን ምን ሊያደርገው ነው?» አለች አንዷ ተማሪ። የዓመቱ ቴአትራችን ከዚች ጥያቄ ወጣ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ግን አላሳቀንም። ልጁ ያሰላል፣ ልጁ ያርማል፣ ልጁ ይመልሳል። የቀረው ቤተሰብ አጨብጫቢ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የእንዲህ ያለ ኮሜዲ ጉልበቱ ጎበዙ ልጅ ላይ ሳይሆን አብረውት የሚኖሩት ላይ ነው። ስለዚህ ለእህትየው ቦታ ሰጥተን እንደገና ጻፍነው።

እናት «በሞቴ» ብላ የጠቀለለችውን ዘርግታለች። ልጁ ጓንቱን እያስተካከለ «እጅሽን በሳሙና ታጥበሻል?» ይላል። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። እህቱ ከጎን አፏን ከፍታ «የሱን ለኔ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናይዋ እስከ ዛሬ በግቢው የምትጠራው «የሱን ለኔ» እየተባለች ነው።

አያትየውንም ለወጥናቸው። ቁማር በምትወደው በሼልደን አያት ፋንታ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ አዛውንት አስገባን። ቅኔ ቤት ትንሹ ትልቁን ሲቀድም ብዙ አይተዋልና በልጁ ስሌት አይደነቁም። «መቁጠሩንስ ቆጠርህ፤ በል እስቲ ቅኔ ዝረፍ!» ይሉታል። ልጁ ዝም። ሐሳቡ አባቱ መሪጌታ ከሆነ ተማሪ የመጣ ነው።

«ያንግ ሼልደን» ላይ የተመልካች ሳቅ አይሰማም። የተወለደበት ቀዳሚ ኮሜዲ፣ ሼልደን አዋቂ ሆኖ የሚታይበት «ዘ ቢግ ባንግ ቲዎሪ» ግን የሚቀረጸው ተመልካች ፊት ነበር። ይህን ካወዳደርን ወዲህ ተዋንያኖቻችን በራሳቸው ቀልድ ቀድመው መሳቅ ትተዋል፤ ተመስገን ነው።

በ«ያንግ ሼልደን» የመጨረሻ ሲዝን የሼልደን አባት በድንገት ይሞታል። ኮሜዲ ውስጥ ለቅሶ ይገባል አይገባም በሚል የተነሣው ክርክር እስካሁን አልበረደም። እኔ ይገባል ባይ ነኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያልሳቀ ጎጃሜ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

የግጥም ምሽቱም መብራት እየጠፋም ቢሆን ተካሂዷል።

አባት ሆኖ የተጫወተው ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ይሄድብናል። ድምፁ የጎረነነ፣ ሲቆጣ የሚያስቅ ተማሪ ካለ በመስከረም ሚኒ ሚዲያ ክፍል ብቅ ይበል።