ስትጠሩኝ የነበረው ስሜ ስጠይቃችሁ የት ጠፋ?

ግልጽ ደብዳቤ፦ ማኅደሬን ለያዘው የጡረታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የውትድርና ዘመኔ ለጡረታ እንዲቆጠርልኝ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አራት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አራቱም የገቢ ቁጥር አላቸው፤ መልስ ያገኘ ግን አንድም የለም። እርስዎን ለማነጋገር ስድስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ስድስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ እጽፍልዎታለሁ።

የ1975ቱን የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ያውቁታል። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። እኔ በ1977 ስሄድ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስሜን ከመዝገብ አነበበ፤ ሄድኩ። ናቅፋ ግንባር ቆይቼ በ1979 ተሰናበትኩ። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እናቴ የሚመጣውን ፈርታ የስንብት ወረቀቴን ከፎቶግራፎቼ ጋር ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። አልፈርድባትም።

በ1990 ጦርነት ሲነሣ መንግሥት ተለውጦ ነበር። የቀድሞ ወታደር ሲፈለግ ግን ስሜ አልጠፋም፤ ቀበሌው ወረቀት ይዞ ደጄ ድረስ መጣ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። በየካቲት 1991 ባድመ ስትመለስ እዚያው ነበርኩ። እስከ 1993 ቆይቼ ተመለስኩ። በዚያን ጊዜ «ወታደር መሆንህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች አምጣ» ያለኝ ማንም የለም።

ዛሬ ግን ተባልኩ። የ1993ቱ የስንብት ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ ነገር ግን የአያቴ ስም በእሱ ላይ በ«ሐ»፣ በመታወቂያዬ ላይ ደግሞ በ«ሀ» ስለተጻፈ «የእርስዎ መሆኑ አይታወቅም» ተብሏል። በመንግሥት ትምህርት ቤት በጥበቃ ሥራ ያገለገልኩት ስምንት ዓመት ከአራት ወር ነው። ውትድርናው ካልተቆጠረልኝ 10 ዓመት አይሞላም፤ 10 ዓመት ካልሞላ ደግሞ የዘለቄታ አበል ቀርቶ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሆናል። ይህ ለአንድ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳዎት አይገባም።

ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ከጋንታዬ የማውቃቸው አብዛኞቹ ናቅፋ ቀርተዋል፤ የተረፉትም ብዙዎቹ አርጅተው አልፈዋል። አንድ አገኘሁ። ስኳር በሽታ አንድ እግሩን ወስዶበታል። ልጁ ደግፎት፣ በክራንች፣ የእናንተን ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጣ፤ አሳንሰሩ አይሠራም ነበር። ሠራተኛው መታወቂያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ጊዜው አልፏል» ብሎ መለሰለት። ወንበር እንኳን አልሰጠውም። ጓደኛዬ ምንም አልተናገረም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠና «እኔ ሳልሞት ቶሎ ብለህ ሌላ ፈልግ» አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አስተዳደሩ የማያውቀኝ ሰው አይደለሁም። የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት አገልግያለሁ። ሰው በኤች አይ ቪ እየታመመ ጎረቤት በሚሸሽበት ዘመን፣ የታመሙትን ቤታቸው ድረስ ሄደን እናጥብ ከነበርነው አንዱ ነኝ። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ ቆርቆሮ ተሸክሜያለሁ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ወረዳው ስልክ ደውሎ ጠራኝ፤ ከማለዳ እስከ ምሽት በር ላይ ቆሜ ሰው እጁን ሲታጠብ ውኃ አፈስስ ነበር። ለዚህ ሁሉ የምስጋና ወረቀት ሰጥታችሁኛል፤ ስሜ በትልቁ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። አንዱ በ«ሐ»፣ አንዱ በ«ሀ» ነው። ያን ጊዜ ፊደሉን የመረመረ አልነበረም።

ሽልማት አልጠየቅሁም። የምጠይቀው የሠራሁት ዘመን እንዲቆጠርልኝ ነው። በ1990 ቀበሌው ደጄ ይዞት የመጣው ዝርዝር ከአንድ መዝገብ ላይ የተገለበጠ ነው፤ ያ መዝገብ በመንግሥት እጅ እንጂ በእኔ እጅ አልነበረም። መከላከያን በደብዳቤ ጠይቁ። አንድ ገጽ ነው፤ በእርስዎ ፊርማ ይወጣል። እኔ ስጠይቅ «ግለሰብን አናስተናግድም» ተብያለሁ፤ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ግን ይመልሳሉ።

ጓደኛዬ መታወቂያውን አሳድሷል። ያንን ደረጃ ዳግመኛ እንዲወጣ ግን አልጠይቀውም። ቃሉን ከፈለጋችሁ ሠራተኛችሁ ወደ ታች ይውረድና በር ላይ ይቀበለው፤ ወንበሩን እኔ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ።

የቀድሞ ተጠባባቂ ወታደር