ስለዚያች ባለ ሁለት ወንበር መኪና

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለመንዳት ደስ የምትል፣ ቤንዚንም የምትቆጥብ መኪና ልግዛ፣ ይህች ሚያታ እንዴት ናት ብለሽ የላክሽውን ፎቶ ሁላችንም አየነው። እኔ ቀዩን ቀለም ሳይ እናትሽ የኋላውን ወንበር ስትፈልግ ቆየች። "የቀረው የት አለ?" አለችኝ። የለም፣ ይኸው ነው አልኳት። ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ዝም አለች። የእናትሽን ዝምታ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

እሷ ትልቅ መኪና ግዢ ትላለች። ወንድምሽ ስንት ፈረስ ጉልበት አላት ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ክብደቷን ጠይቂ እላለሁ። ቀላል መኪና ለመንዳት ትጥማለች። ቀላል ስለሆነች ደግሞ ብዙ አትጠጣም። አንቺ ደስታም ቁጠባም ስትፈልጊ ሁለት የተለያየ ነገር የጠየቅሽ መስሎሻል። ሁለቱም የሚመጡት ከኪሎዋ ነው።

ወጣት ሆኜ ኤንትሬ የሚሉትን የጭነት መኪና ስነዳ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ሊማሊሞን ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ጣሊያን ገደሉን ቆርጦ ያወጣው መንገድ ነው፤ ኩርባው ማለቂያ የለውም። ጭነት ይዘሽ ስትወርጂ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ማርሽ ትቀንሻለሽ። ሞተሩ ይይዝሻል፤ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ ነው። ረግጠሽ ከቆየሽ የፍሬኑ ሸራ ይግልና ሽታው ጋቢናው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፍሬን አለኝ ብለሽ አትመኪ። በዚህ መሀል አንዲት ቮልስ ከኋላ መጥታ ጥሩምባዋን ጢጥ አድርጋ ታልፈኛለች። መሪዋን ሸብ አድርጋ ኩርባው ውስጥ ገብታ፣ እኔ አንዱን ሳልጨርስ እሷ ሦስተኛው ላይ ናት። የዚያች ቮልስ ጉልበት ከ50 ፈረስ አይበልጥም። ቀላል ስለነበረች ብቻ ነው እንደዚያ የምትጫወተው።

ሚያታ የምትሏት ማዝዳ ኤም ኤክስ 5ም በዚሁ ሐሳብ የተሠራች ናት። መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ያኔ አሜሪካ የገባችው 1.6 ሊትር ሞተርና 116 ፈረስ ጉልበት ይዛ ነበር። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ከፋብሪካ ወጣች። አሁን ያለችው አራተኛዋ ትውልድ እዚያ አሜሪካ እናንተ ጋ የምትሸጠው በ2 ሊትር ሞተር ነው። ከ2019 ሞዴል ወዲህ 181 ፈረስ ጉልበት አላት። ክብደቷ ግን አሁንም 1,060 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የአየር ከረጢትና ኤሌክትሮኒክስ ተሸክማ እንደዚያ መቅረቷ ይገርመኛል። የፋብሪካው መሐንዲሶች ፈረሰኛና ፈረስ አንድ አካል እንዲሆኑ አስበን ነው የሠራናት ይላሉ። ፈረስ የሚያውቅ አገር ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አየር በግድ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ አንድ አምስተኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። አንቺ ያለሽበት ፍሬድሪክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ግን ዝቅ ያለ አገር ነው። 181 ፈረስ ካሉሽ ሙሉውን ታገኚዋለሽ። ለአንድ ቶን መኪና ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ኪስሽ እንምጣ። ከፍሬድሪክስበርግ ነርስ ሆነሽ እስከምትሠሪበት አሌክሳንድሪያ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 150። በሳምንት ሦስት ሌሊት ስለምትሠሪ በዓመት ወደ 23,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሚያታ በማኑዋል ካምቢዮ፣ ከተማና አውራ ጎዳና ተደምሮ፣ በይፋ የተመዘገበላት በጋሎን 29 ማይል ነው። በእኛ ስሌት በሊትር ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አውራ ጎዳና ላይ ብቻ ከሆነ 34 ማይል ይደርሳል፤ ያንቺ መንገድ ደግሞ አብዛኛው እሱው ነው። በአማካዩ እንኳ ብናሰላው በዓመት 1,900 ሊትር አይሞላም። ሰልቫትዮዋ፣ የቤንዚን ቋቷ ማለቴ ነው፣ 45 ሊትር ይይዛል። አንዴ ከሞላሽ ሳምንቱን ጨርሰሽ ይተርፍሻል።

ከቶዮታ ጂአር 86 ጋር አስተያያት። እሷም ቆንጆ ናት፤ 228 ፈረስ ጉልበት፣ ለስሙ ያህል የኋላ ወንበርም አላት። ግን በማኑዋል በጋሎን 22 ማይል ነው የምትሄደው። በዓመት 600 ሊትር ገደማ ተጨማሪ ቤንዚን ማለት ነው። ወንድምሽ የሚፎክርልሽ ፈረስ ገለባው ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ቁጠባ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው ሁለቱንም ተይና ኮሮላ ሃይብሪድ ግዢ። በጋሎን 50 ማይል ትሄዳለች። ከሚያታ ጋር ስናስተያያት በዓመት 800 ሊትር ገደማ ታተርፍልሻለች። በዚያ ላይ ሚያታ ውዱን፣ ፕሪሚየም የሚሉትን ቤንዚን ነው እንድትሰጫት የሚመከረው። ስለዚህ የደስታሽ ዋጋ ይህን ያህል ነው። እኔ አይበዛም ባይ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጪ አድረሽ ወደ ቤትሽ የምትመለሺበት አንድ ሰዓት የራስሽ ነው። ገንዘቡም የራስሽ ነው። ግን ቁጥሩን አውቀሽ ግቢበት።

ወጪውን የሚያንረው ግን ከመኪናዋ ይልቅ እግርሽ ነው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትነጂና 130 ስትነጂ የአየሩ ግፊት እኩል እንዳይመስልሽ። ወደ 40 በመቶ ይጨምራል። ትንሽ ስፖርት መኪና ውስጥ ደግሞ ወንበሩ መሬት ስለሚነካ ፍጥነቱ ደስ እያለሽ ሳታውቂው ትጨምሪያለሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ በወንጀል ያስከስሳል። ነርስ ነሽ፤ ፈቃድሽን አስቢ።

ቁልቁለት ላይም ዜሮ ማርሽ አታድርጊ። እዚህ ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርዱ የባጃጅ ልጆች ቤንዚን ቆጠብን ብለው ሞተር ያጠፋሉ። ያንቺዋ ኢንጀክሽን ናት፤ ቤንዚኑን በኮምፒዩተር እየመጠነች ነው የምትረጨው። ማርሽ ውስጥ ሆነሽ ነዳጅ መስጫውን ስትለቂ ቤንዚኑን ራሷ ትዘጋዋለች። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለባት። ስለዚህ ማርሽ ውስጥ መሆኑ ነው የሚቆጥብልሽ፤ መኪናዋም በእጅሽ ትሆናለች።

ማኑዋል ወይስ ኦቶማቲክ ብለሽ ጠይቀሻል። ያ አይ 95 የሚሉት አውራ ጎዳና በመኪና ሰልፍ የታወቀ ነው ብለው ብዙዎች ኦቶማቲክ ይመክሩሻል። እነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ዋሽንግተን ሲጋፋ አንቺ ወደ ደቡብ እየተመለስሽ ነው። ማታ እነሱ ሲመለሱ አንቺ ወደ ሰሜን ትሄጃለሽ። ሰልፉ ብዙ ጊዜ ከማዶው መስመር ነው። ስለዚህ ማኑዋሏን ግዢ። ፍሪሲዮኗ ቀላል ነው፤ የማርሽ ዘንጓ አጭር፣ በእጅ አንጓ ብቻ የምትገባ። በአዘዞ መንገድ በእኔ ዲኤክስ መኪና ፍሪሲዮን የተማረች ልጅ ይህችን ለመልመድ ቀን አይፈጅባትም።

እናትሽ የፈራችው ነገር ግን ከንቱ አይደለም። ያቺ መኪና ቁመቷ 1 ሜትር ከ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ደረት ላይ ናት በይው። በከባድ መኪና ሹፌርነቴ ልንገርሽ፤ ጋቢና ላይ ሆኜ በቀኝ በኩል ከጎኔ የተጠጋ ትንሽ መኪና ፈጽሞ አይታየኝም። በመስታወቴ ውስጥ ፊቴን ካላየሽ እኔም አንቺን አላየሁሽም። ከከባድ መኪና ጎን አትቆዪ። ወይ እለፊው፣ ወይ ከኋላው ራቅ ብለሽ ሁኚ። የቀን መብራትሽም ይብራ።

እንቅልፉን ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሙያሽ ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ ዓይንሽ ከከበደሽ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ሃያ ደቂቃ ተኚ። ደስ የምትል መኪና እንቅልፍ አታባርርም። ጣሪያውን መክፈትም አያባርርም።

ስለ ጣሪያው ካነሳን የጨርቁ ጣሪያ በአውራ ጎዳና ላይ ጫጫታ ይበዛዋል። አር ኤፍ የሚሏት ባለ ጠንካራ ጣሪያዋ ወደ 50 ኪሎ ትከብዳለች፤ ትወደዳለችም። እኔ ብሆን ለዚያ መንገድ እሷን እመርጥ ነበር። ሆኖም ሁለቱንም በ110 ነድተሽ ጆሮሽ ይፍረድ።

አሮጌዎቹን አትመኚ። የ1990ዎቹ ሚያታ ቆንጆ ናት፣ ርካሽም ናት፤ ግን መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ዘዴ የላትም። አሜሪካ ውስጥ ያ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። ለቅዳሜ መዝናኛ ቢሆን እሺ እልሽ ነበር። በሌሊት፣ በዝናብና በበረዶ ለምትመላለሺው ግን አይሆንም። ከአራተኛዋ ትውልድም የ2019ንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈልጊ። ጉልበቷ የጨመረው ከዚያ ጀምሮ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማኑዋል ካምቢዮ ላይም ቅሬታ ይሰማ ነበር።

ሻጩ ጋ ስትሄጂ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሪው። ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ከሞቀ የሚደብቀው ነገር ይኖራል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው ጉዱ የሚሰማው። ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተሽ ነዳጅ ስጪያት። ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። ጣሪያዋ ጨርቅ ከሆነ ከወንበሩ ኋላ ያለውን ምንጣፍ ገልበጥ አድርጊና አሽትቺው። የውሃ መውረጃው ከተደፈነ ዝናቡ እዚያ ይተኛል፤ ቆርቆሮው ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ አትቀበይ። ለሙቀት የተሠራው የስፖርት ጎማ ደግሞ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም። ለክረምታችሁ ሌላ ጎማ ያስፈልግሻል፤ ዋጋውን ከአሁኑ ደምሪው።

ኤሌክትሪክ ግዢ የሚሉሽም አሉ። እዚህማ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ጋራዡ ደጃፍ አንዷ ስትቆም ልጆቹ ኮፈኗን ከፍተው ሞተር ይፈልጋሉ። ያንቺ ሕንፃ ቻርጅ ማድረጊያ ከሌለው ግን ነገሩን ለጊዜው ተይው።

አንድ ነገር ቀረ። የዕቃ መጫኛዋ 130 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ኩንታል ጤፍ አይገባም። ጤፉ ጋቢና ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቀበቶም ታስሪለታለሽ፣ አለዚያ መኪናዋ እስከ ቤት ትጮህብሻለች። ሰው የምታመላልሺ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአክስትሽን ልጆች እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትወስጂ ከሆነ፣ ሆንዳ ሲቪክ ኤስ አይን እያት። አራት በር፣ 200 ፈረስ ጉልበት፣ በጋሎን 31 ማይል፣ በማኑዋል ብቻ ነው የምትመጣው። እንደ ሚያታ አታጫውትም። ግን ጥሩ መኪና ናት፤ እናትሽም ትናገራለች።

ከመፈረምሽ በፊት የሻንሲ ቁጥሯን አስፈትሺ፤ አደጋ ደርሶባት እንደሆነ ይወጣል። የአራቱን ጎማና የሞተሩን ፎቶ ላኪልኝ። በእናንተ ጠዋት ደውይ፤ በእኛ ማታ ስለሚሆን ከጋራዥ ገብቼ እጄን ታጥቤ እጠብቅሻለሁ። በርበሬው ተፈጭቷል፤ መንገደኛ ሲገኝ ይላክልሻል።

አባትሽ
ጎንደር