አስፈሪ ፊልም ሁሉ አንድ ነው እንዴ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የፊልም ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ደም የሚረጭበትም፣ መንፈስ የሚንሾካሾክበትም፣ ሬሳ ከመቃብር የሚነሳበትም ለእናንተ ያው «አስፈሪ ፊልም» ነው።

እኔ የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ። ደም ብርቄ አይደለም። ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ወጣቶችን በቢላ ሲያሳድድ እኔ የማየው ቁስሉን ነው። «እዚህ ጋ ቢወጋ እኮ እንዲህ አይፈስም» እላለሁ። (ጓደኞቼ አብረውኝ ማየት ትተዋል።) በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ግን ያስፈራኛል። ደሙ ትንሽ ነው። ገዳዩ ራቅ ብሎ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ሙዚቃውንም የሠራው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው፤ ያ የፒያኖ ምት ልብ ያስጨንቃል።

ከሁሉም የሚብስብኝ ሰዎች ራሳቸው ቀርጸውት ኋላ ተገኘ በተባለ ቪዲዮ መልክ የሚሠራው ነው። በ1999ኙ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ተዋናዮቹ ራሳቸው ካሜራ ይዘው ይቀርጻሉ። ታሪኩ የሚያወራላት ጠንቋይ አንዴም አትታይም። ጨለማ፣ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ከድንኳኑ ውጪ የሆነ ድምፅ። በቃ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ዞምቢ፣ ማለትም ያ ተነስቶ የሚሄደው ሬሳ፣ ቶሎ ይሰለቸኛል። የጆርጅ ሮሜሮ የ1968ቱ ፊልም ግን ይለያል፤ እዚያ ቤት ውስጥ የተደበቁት ሰዎች ጠብ ውጪ ካሉት ሬሳዎች አይተናነስም።

እባካችሁ ዓይነቱን ጻፉልን። መንፈስ ከሆነ ብቻዬን ስሆን አልከፍተውም።

አክባሪያችሁ፣
የማታ ተረኛዋ ነርስ