ከማይላፖር ለእታለም

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአባዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። የሕንዷ ቼናይ ሙቀት እንደ ጉድ ነው፤ ግን ለምጄዋለሁ።

ባለፈው በስልክ «እዛ ቲያትር ታያለህ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ነገሩ በስልክ ስለማያልቅልኝ ነው ወረቀት የያዝኩት። አባዬ ቲያትር ሲነሳ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታውቂያለሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢለት።

የምኖርበት ሰፈር ማይላፖር ይባላል። ከከተማው ጥንታዊ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ትልቁ የካፓሊሽዋራር ቤተ መቅደስ እዚሁ ነው። እዚህ አካባቢ ያለው አዳራሽ ብዛቱ! ማይላፖር ፋይን አርትስ አለ፣ ራሲካ ራንጃኒ አለ፣ ትንሽ ራቅ ሲል ናራዳ ጋና አለ። የመንግሥት ቲያትር ቤቶች እንዳይመስሉሽ። ሰው ተሰባስቦ ያቋቋማቸው ማኅበራት ናቸው፤ ሳብሃ ይሏቸዋል። እንደ እድር አስቢው። አባል ትሆኛለሽ፣ መዋጮሽን ትከፍያለሽ፣ ከዚያ በየወሩ ሙዚቃም ድራማም ታያለሽ። የማኅበሩ ጸሐፊ የድራማ ቡድን ይጠራል፣ ከመዋጮው ይከፍላል። እኛ ጋ የታየው ድራማ ቀጥሎ ቲ ናጋር ይሄዳል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰፈር። አንድ ድራማ ከአንድ ከተማ ሳይወጣ ዓመታት የሚቆየው በዚህ ነው።

የሚጫወቱትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ቀን ቀን ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የባንክ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ። ማታ ማታ ይለማመዳሉ። ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ፓማል ሳምባንዳ ሙዳሊያር የሚባሉ ሰው፣ ጠበቃ ነበሩ፣ በኋላም ዳኛ ሆነዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ሱጉና ቪላሳ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ይናቅ ነበር። እኛስ ጋ አዝማሪ ምን ይባል ነበር? እሳቸው ግን የተማረውን ሰው መድረክ ላይ አወጡት። ስንቱ ከዚህ መድረክ ተነሳ! ዝነኛው የፊልም ዳይሬክተር ባላቻንደር መንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራ ነው ድራማ ይጽፍ የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1967 የዚህ ክፍለ ሀገር ዋና ሚኒስትር የሆኑት አናዱራይም ድራማ ጸሐፊ ነበሩ፤ መድረክ ላይም ተጫውተዋል። እዚህ አገር ድራማ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም።

አከራዬ ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው። ማታ በረንዳው ላይ ስንቀመጥ ወሬያቸው የድሮ ድራማ ነው። ማኖሃር የሚባለው ተዋናይ የራማያና ተረት ክፉ ንጉሥ የሆነውን ራቫናን ሆኖ የተጫወተበትን «ኢላንኬሽዋራን» የሚባል ድራማ ሲያወሩ ይነሱና ድምፁን ያወጡታል። ያ ድራማ ከሺህ ጊዜ በላይ ታይቷል። የመድረኩ ጌጥ፣ ብልጭታው፣ ጭሱ! እሳቸው በልጅነታቸው ያዩትን አሁን ያዩት ያህል ነው የሚነግሩኝ።

እኔ ያንን ዘመን አልደረስኩበትም። የደረስኩት በአስቂኝ ድራማ ጸሐፊው በክሬዚ ሞሃን ዘመን ነው። የዚህ አገር ቋንቋ፣ ታሚልኛው፣ ገባ ገባ ማለት ሲጀምርልኝ አከራዬ የሞሃንን «ቸኮሌት ክሪሽና» አሳዩኝ። መድረኩ ላይ ያለው የማንኛውም ቤት ሳሎን ነው፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ በር። ማይክራፎኖቹ ከላይ በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ ተዋናዮቹ ንግግራቸው ሲደርስ ጠጋ ጠጋ ይላሉ። ቀልዱ ፋታ አይሰጥም። አንዱን ስቀሽ ሳትጨርሺ ሌላው ይደርሳል። ከኋላዬ ጃዝሚን ጸጉራቸው ላይ የሰኩ አሮጊት ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት ንግግሩን ለልጅ ልጃቸው ይነግሩ ነበር። በቃላቸው ነው የሚያውቁት። በእረፍቱ ቡና በወተት ይቀዳል፤ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እየገለበጡ አረፋ ያስይዙታል። ቡናውን ከእኛው ጋር አላወዳድርም፣ ቫዳ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ የምስር ቂጣ ግን እጅ ያስቆረጥማል።

ለአባዬ ይህቺን ለይተሽ ንገሪው። ሞሃን በድራማዎቹ ውስጥ ዋናዋን ሴት ሁልጊዜ ጃናኪ ይላታል። ልጅ ሳለ ድራማ ያስጀመሩት አስተማሪው ስማቸው ጃናኪ ስለነበረ ነው። እኔም ይሄን ስሰማ አባዬ ትዝ አለኝ። ሂሳብ ያስተማሩትን ሕንዳዊ አሁንም «የኔታ» ብሎ ነው የሚያነሳቸው። በጃንሆይ ጊዜ እኛ አገር ያስተምሩ ከነበሩት ሕንዶች ብዙዎቹ ከዚሁ ከደቡቡ፣ በተለይ ከጎረቤት ከኬረላ የሄዱ ናቸው።

ሞሃን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 አረፈ። አከራዬ ያን ቀን እራት አልበሉም። በዓመቱ ደግሞ ኮሮና መጣና አዳራሾቹ ሁሉ ተዘጉ። በኋላ ተከፈቱ፤ ድራማው ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ቀድሞም ቢሆን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሰዉን ቤቱ አስቀርቶት ነበር። አባላቱ አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው። ሙዚቃውስ ደህና ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ከተማው በሙሉ ኮንሰርት ነው፤ ወንበር አይገኝም። ሚያዝያ ላይም በሙቀቱ መሀል የድራማ ፌስቲቫል አለ፤ እኔና አከራዬ አንቀርም። ግን በየወሩ ተራ በሆነ ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ሄዶ የሚያየው ድራማ እየጠፋ ነው። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እታለም፣ የእኛው ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. ሲጀመር ማኅበር ነበር። ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው የተቋቋመው። ፒያሳ ምን ያህል እንደፈረሰ በፎቶ አይቻለሁ፤ አላምን ብዬ ደጋግሜ ነው ያየሁት። የሰፈሩ ሰው ከተበተነ በእግሩ ቲያትር የሚመጣው ማነው? አሁን የምትኖሩበት ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ አዳራሽ እንኳን አለ? የእድሩ ሰው ለቀብር ድንኳን እንደሚገዛው ሁሉ ለቲያትር ቢያዋጣ ምን አለበት? ይሄን ለእድሩ ሊቀመንበር አንሺላቸው። የምሬን ነው፤ የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ እልካለሁ።

እስከዚያው አባዬን ሀገር ፍቅር ውሰጂው። ታክሲ ያዙ፣ ደረጃው እንዳያስቸግረው ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ከፊት አስቀምጪው። ምን እንዳያችሁ፣ ማን እንደተጫወተ፣ አዳራሹ ሞልቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። የቲኬቱን በዚህ ወር ከምልከው ላይ አድርጊው።

እማዬን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ