ወገቡን ለሚያመው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ ከወንበር ስትነሳ ወገብህ እንደሚይዝህ ነገርከኝ። ፒላቴስ የሚባለውን የሰውነት እንቅስቃሴ ጀምር ስልህ ደግሞ ሳቅህ፤ "አባዬ፣ እሱ እኮ የሴቶች ነው" ብለህ ወሬውን ቀየርከው። በስልክ ተከራክሬ ረትቼህ ስለማላውቅ ብዕር አነሳሁ።

ፒላቴስ የሰው ስም ነው። ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ በሽታ የማይለየው ደካማ ነበር ይባላል፤ ይህን ድካሙን በጂምናስቲክና በቦክስ ተዋጋው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንግሊዝ አገር ስለነበር እንደ ጠላት አገር ሰው ተይዞ ታሰረ፤ እዚያም ዘዴውን ሲያዳብር ቆየ። በ1926 ኒው ዮርክ ገብቶ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ጉዳት የደረሰባቸው ዳንሰኞች ይመጡለት ጀመር። እሱ ራሱ ዘዴውን የሚጠራው "ኮንትሮሎጂ" እያለ ነበር፤ ሰውነትን መቆጣጠር ለማለት ነው። እንግዲህ ቦክስ የሚወድ ሰው ያፈለቀውን ነው የሴቶች የምትለኝ።

እኔም ብሆን የመጀመሪያው ቀን ንቄው ነበር የሄድኩት። ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፤ የታዘዝኩት እጆቼን ዘርግቼ አከርካሪዬን አንጓ በአንጓ ከምንጣፉ እያላቀቅኩ ቀስ ብዬ እንድቀመጥ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ትንፋሼን ውጬ፣ እግሬን አወራጭቼ በጉልበት ተነሳሁ። አሠልጣኟ ፈገግ ብላ "አሁን ደግሞ ሳይቸኩሉ" አለችኝ። ሳልቸኩል አልቻልኩም! ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ስነሳና ስቀመጥ የኖርኩት ሰውነቴን እየወረወርኩ ነው።

ነገሩ ያለው ከሆድ ነው። አንተ በመስታወት የምታየውን የላይኛውን ጡንቻ አላልኩህም። ከሥሩ ወገብን እንደ ሰፊ መቀነት የሚጠመጥም ጡንቻ አለ፤ እሱ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችና አከርካሪውን ተጠግተው ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ተባብረው ወገብን ይደግፋሉ። ፒላቴስ እነዚህን ከእስትንፋስ ጋር አቀናጅቶ ያሠራል። ድግግሞሹ ጥቂት ነው፤ ጥራቱ ላይ ግን ምሕረት የለም። በሞላ የሚሳብ ሪፎርመር የሚባል መሣሪያም አለ፤ ለጊዜው ምንጣፍ ይበቃሃል።

እንዳላጋንንብህ፦ የወገብ ሕመምን እንደሚያስታግስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከሌሎቹ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። ልብህንም እንደ ፈጣን እርምጃ አያሠራውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ስለዚህ በእግርህ መሄዱን አትተው። እኔ ያገኘሁት ጥቅም ጫማዬን ቆሜ ማሰርና ሳላቃስት መነሳት ነው፤ ይህ ለአንተ ምንም ላይመስልህ ይችላል።

ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝህ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። እናትህም አጥንቷ ሳስቷል ከተባለች ወዲህ ጀርባ የሚያጎብጡትን ትታ ሌላውን ትሠራለች።

ዛሬ ማታ "መቶ" የሚባለውን ሞክር። በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን አጥፈህ እግርህን ከፍ አድርግ፣ ራስህንና ትከሻህን ከምንጣፉ አንሳ። ክንድህን ሳታጥፍ ከጎንህ ወደ ላይና ወደ ታች በትንሹ እያርገበገብክ አምስት እስክትቆጥር አየር ሳብ፣ አምስት እስክትቆጥር አስወጣ። አሥር ጊዜ ስትደግመው መቶ ይሆናል። አንገትህ ከደከመ ራስህን አሳርፍ፤ እጅህ ግን አይቁም።

እሑድ ስትደውል ስንት ላይ እንዳቆምክ በእውነት ንገረኝ። እኔ የመጀመሪያው ቀን ስልሳ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ለእናትህ ሰማንያ ብያታለሁ።

አባትህ